ዝምታን የፈሩት ጋሽ ጌታሁን

የእድራችን ለፋፊ በድምፅ ማጉያው ስማቸውን ሲጠራ ፋርማሲ ውስጥ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ነበር። "አቶ ጌታሁን ከዚህ ዓለም ድካም ስላረፉ..." ያለው ብቻ ነው የተሰማኝ። የቀረውን የባጃጅ ጩኸት ዋጠው። ሴትየዋ ፊቴን አይታ፣ "ዘመድሽ ናቸው እንዴ?" አለችኝ። "ጎረቤቴ ናቸው" አልኳት። ቃሉ ግን ከአፌ ሲወጣ አነሰብኝ።

ፋርማሲውን ዘግቼ ቤታቸው ስደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነበር። ባለቤታቸውን እትዬ ጽጌን አቅፌ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያ ነገር ዛሬም ይገርመኛል።

"ይናገሩ ነበር?" አልኳቸው።

ሌላ ሰው ቢሰማ ምን ዓይነት የለቅሶ ቤት ጥያቄ ነው ይል ነበር። እትዬ ጽጌ ግን ገባቸው። "እስከ መጨረሻው ሲያወራ ነበር፤ ሳንባ ምች ነው የወሰደው። ጠዋት እንኳ ነርሷን ሲያስቃት ነበር" አሉኝ።

"ተመስገን" አልኩ።

ሰው ሞቶብኝ ተመስገን ያልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ጌታሁን በድሮው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከአዳማ ተነስቶ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ በሚወርደው መስመር ላይ ጎልማሳነታቸውን ጨረሱት። በኋላ ባቡሩ ሲቆም እሳቸው ሥራ አልፈቱም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲኳረፉ፣ ልጅ ካባቱ ቤት ኮብልሎ ሲወጣ "ጋሽ ጌታሁንን ጥሯቸው" ይባል ነበር። አማርኛቸው የሸዋ ነው፣ እንደ ማር የሚወርድ። ኦሮምኛቸው ደግሞ የገጠር ሽማግሌዎችን አንገት ያስነቀንቃል፤ ከነሱ ጋር ሲሆኑ "ኦቦ ጌታሁን" ይሏቸዋል። ሶማልኛን በባቡር ከሚመላለሱ ነጋዴ ሴቶች ጋር ሲከራከሩ ነው የለመዱት። ከድሮ አለቆቻቸው የቀራቸው ፈረንሳይኛ ለስድብ ብቻ ነበር የሚያገለግላቸው፤ ተናድደው ሰው እንዳይገባው ሲፈልጉ።

ሲያወሩ የሰው እጅ ይይዛሉ፤ ወሬው ካላለቀ አይለቁም። ከገበያ የምትመለስ ሴት አንድ እጇ ዘንቢል፣ አንድ እጇ ጋሽ ጌታሁን ጋ ሆኖ ፀሐይ ላይ ስትቃጠል አይቻለሁ፤ ግን የተቆጣቻቸው የለችም። የማይመስል ነገር የነገሯቸው እንደሆነ ደግሞ መዳፋቸውን ዘርግተው "ትኬት?" ይላሉ። ማስረጃህን አምጣ ማለታቸው ነው። ነገሩ በሠፈሩ ተዛምቶ፣ አምሽቶ ለሚገባ ባል ሚስቶች በር ላይ ቆመው መዳፍ መዘርጋት ጀምረው ነበር።

"የተናገረ ሰው ተሳፍሯል" ይሉ ነበር፤ "ዝም ያለ ሰው ገና ጣቢያ ነው።"

የእናቴ ሁለት ወንድሞች ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ያለማሉ። በአንድ የውሃ ፓምፕ ተጣልተው፣ ማሳቸው ጎን ለጎን ሆኖ ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተው ነበር። ጋሽ ጌታሁንን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ጉድብ ዳር አስቀመጧቸውና ስለ ፓምፑ ብዙ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ታላቁን አጎቴን፣ "በል፣ አንተ የታናሽህን ክስ ተናገርለት" አሉት።

"የሱን? የራሴንስ?"

"ያንተን እሱ ይናገርልሃል። ጀምር።"

አጎቴ በንዴት ነበር የጀመረው። "ይሄ ሰው የሚለው፣ ሽንኩርቴ ሊደርስ ሲል ውሃ ከለከለኝ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ነበር..." አለና እዚያ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ጎንበስ ብሎ አፈር መጫር ያዘ። ታናሹ ተነስቶ ትከሻውን ነካው። ጋሽ ጌታሁን የዚያን ቀን ከዚያ በላይ ምንም አላሉም፤ ስንመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ እስከ አዳማ ድረስ አወሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ መጡና የግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

"ሐንዬ፣ እስቲ ይቺን ነገር ያዥልኝ። ድሮ ባቡር ነበረች። አሁን የቢሾፍቱ ጋሪ ሆናለች፤ ፈረሱ ሲፈልግ ይሮጣል፣ ሲፈልግ ይቆማል።"

የደም ሥራቸውን ያዝኩ። ምቱ አንዴ ይደራረባል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ሥርዓት የለውም። እየሳቅሁ "ሐኪም ቤት ዛሬውኑ እንሂድ" አልኳቸው። ፋርማሲውን ግን ወዲያው ዘጋሁ።

ሐኪሙ የልብ ምት መዛባት ነው አላቸው። የልባቸው የላይኛው ክፍል በወጉ አይጨመቅም፣ ይርገበገባል። ስለዚህ ደም እዚያ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ደም ማቅጠኛ ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ ከጎመን ጋር ስለሚጣላ የሚበሉት መጠን እንዳይለዋወጥ ስነግራቸው መዳፋቸውን ዘርግተው "ትኬት?" አሉኝ። ጎመን ይወዱ ነበር። ደማቸውን እየተመረመሩ፣ መጠኑ ከፍ ዝቅ እየተደረገላቸው ከረሙ።

በዚያው ሰሞን ነው መተሐራ ይዘውኝ የሄዱት። "አንድ ጓደኛዬ መድኃኒቱ ተደባልቆበታል፤ እስቲ እይለት" ብለው ነው። ጓደኛቸው ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ የባቡር ነጂ ነበሩ። አንዱ ፊት እየነዳ፣ አንዱ ኋላ ትኬት እያየ አብረው ያረጁ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ሄዷል። የቀራቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "እሺ።" ሲራቡም እሺ፣ ሲናደዱም እሺ። ሚስታቸው ከድምፁ ለይተው ያውቁታል።

ጋሽ ጌታሁን እንደገቡ እጃቸውን ይዘው ጀመሩ። በአማርኛም በኦሮምኛም አወሩ፤ የጣቢያ ቀልድ፣ የሞቱ ሰዎች ወሬ፣ የማይጠቅም የከተማ ሐሜት። አንዲት ሽርፍራፊ ዝምታ ክፍሉ ውስጥ እንዳትገባ የሚከላከሉ ይመስሉ ነበር። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ "እሺ፣ እሺ" አሉ። የደስታ ይሁን የድካም እኔ መለየት አልቻልኩም።

ስንመለስ የበሰቃን ሐይቅ ዳርቻ፣ ያንን ጥቁር ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ሜዳ አልፈን፣ ወለንጪቲ እስክንቃረብ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

"አሞዎት ነው?" አልኳቸው።

"ሞት አልፈራም ሐንዬ። ሁሉም ወራጅ ነው። ይሄንን ነው የምፈራው። ሁሉ ነገር ውስጥህ ሞልቶ፣ በሩ ሲቆለፍብህ።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "እንደሱ ከምሆን ሞት ይሻለኛል" አሉ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒታቸውን እንደ ጸሎት ነበር የሚወስዱት። ግን አልሆነም። አንድ ጠዋት ደጃቸው ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሰገራቸው ከውስጥ በሚደማው ደም ጠቁሮ ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገሩም። ያ ሁሉ ወሬ አፋቸው ላይ እያለ ይቺን ደብቀው! ሐኪም ቤት ደም ተሰጣቸው፤ በመሣሪያ ሲታዩ አንጀታቸው ውስጥ በቀላሉ የሚደሙ ደካማ የደም ሥሮች ተገኙ። መድኃኒቱ በሌላ ዓይነት ተቀየረ። መድማቱ ተመለሰ። በመጨረሻ ሐኪሙ ደም ማቅጠኛውን ጨርሶ አቆመው።

መድኃኒቱን ሲወስዱ ይደማሉ። ካልወሰዱ ደማቸው ይረጋል። በዚያ መሀል ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ፋርማሲዬ በር ላይ ቆም ይሉና፣ "አካም ቡልተን? እንዴት አደርሽ? ሰማሽኝ? ምላሴ ቀጥ ብሏል?" ይሉኝ ነበር። እየቀለዱ ነው። እኔ ግን እያንዳንዷ ቃል እንዳልተጎተተች በልቤ እመዝን ነበር፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን እንዳልሄደ አይቼ ነው ወደ ሥራዬ የምመለሰው።

አዲስ አበባ ያለች አንዲት የልብ ሐኪም ናት ስለ መሣሪያው የነገረቻቸው። አብሬያቸው ነበርኩ። እጇን ጨብጣ አውራ ጣቷን ወደ ጎን አወጣችና፣ "አባባ፣ በልብዎ የግራ የላይኛው ክፍል ጎን እንዲህ ያለች ትንሽ ከረጢት አለች። ደሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው እዚህች ውስጥ ነው። በብሽሽትዎ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተን፣ እንደ ትንሽ ጃንጥላ ያለ ነገር እዚህች አፍ ላይ እንዘረጋለን። በጊዜ ብዛት የልብዎ ሥጋ ይሸፍነዋል፤ ጓዳዋ ተዘጋች ማለት ነው" አለቻቸው።

"ጋሪዋስ? ባቡር ትሆናለች?"

"አትሆንም። ምቱ እንደተዛባ ይቆያል። የምንዘጋው ደሙ የሚረጋበትን ቦታ ነው።" ከዚያ አልደበቀቻቸውም። ሥራው ራሱ አደጋ አለው። አልፎ አልፎ ልብ ዙሪያ ደም ይፈሳል፤ እዚያው አልጋ ላይ ስትሮክ ሊያጋጥም ይችላል። ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፤ ከፈለጉ ከሚሠራላቸው አንዱ ይሆናሉ።

ጋሽ ጌታሁን ዓይናቸው በራ። ለሳቸው ነገሩ አልቋል።

አዳማ ግቢያቸው ስንገባ እትዬ ጽጌ ከኒም ዛፋቸው ሥር ልብስ እያሰጡ ነበር። ዝምተኛ ሴት ናቸው። በዚያ ቤት የሚናገር አንድ ሰው ይበቃል ብለው ወስነው የኖሩ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ጌታሁን ጃንጥላውንም ጓዳውንም አሳምረው አወሩላቸው። እትዬ ጽጌ ሰምተው፣ እርጥብ ልብስ እንደጨበጡ ቆሙ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

"እኔን ማን ጠይቆኝ።"

ጋሽ ጌታሁን ሳቁ። "እሷማ ፈርታ ነው። አስረዳታለሁ።"

"አንተ!" አሉ እትዬ ጽጌ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። "የአገሩን ሰው ክስ ስትሰማ ኖርክ። የኔን ታውቀዋለህ?"

"እንዴት አላውቀውም?"

"በል ተናገርልኛ። ለሰው እንደምታደርገው።"

ጋሽ ጌታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጽጌ የምትለው፣ ባዕድ ነገር ነው፣ እግዜር በሠራው ልብ ውስጥ ብረት..."

"አይደለም።"

"ጽጌ የምትለው... አዲስ አበባ መመላለሱ ሰውነቱን ይጎዳዋል..."

"አይደለም።"

ቆሙ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። "ታዲያ ምንድን ነው?" አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

"ከገመቹ ቤት ከመጣህ ወዲህ ሞት ይሻለኛል ትላለህ። ለማን ነው የሚሻለው? ሚስቱ ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ቢሞት ይሻልሽ ነበር ወይ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ? እኔ ወሬህን አይደለም ያገባሁት። እዚያች ወንበር ላይ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ለኔ ቤቴ ሙሉ ነው። እዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተህ ብትቀርብኝ ግን..." አልጨረሱትም። ልብሱን ገመድ ላይ ጣል አድርገው ጀርባቸውን ሰጡን።

"ይሄን ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?"

"መች ፋታ ሰጠኸኝ?"

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ጋሽ ጌታሁን ሲያለቅሱ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጋሽ ጌታሁን "አንቺ ካላልሽ አልሄድም ብያታለሁ" አሉኝ። ሊያግባቧቸው አልሞከሩም። ያ አንደበት ያላግባባው ሰው አልነበረም! ይልቅ አመሻሽ ላይ ሁለቱ ኒሟ ሥር ተቀምጠው ሳልፍ የምሰማው የእትዬ ጽጌን ድምፅ ሆነ። ጋሽ ጌታሁን የሚስታቸውን እጅ ይዘው ያዳምጣሉ።

ትንሽ ሰንበት ብሎ እትዬ ጽጌ ብቻቸውን ፋርማሲ መጡ። "እሱ ሲያወራው ሁሉ ነገር ያምራል። አንቺ ግን ደረቁን ንገሪኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። የሥራው አደጋ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ባይሠራላቸው ደግሞ ስትሮኩ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የሚመጣውም አንደበት ለመውሰድ ብቻ አይደለም፣ ነፍስም ይወስዳል።

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንግዲያው ይሂድ። እንዲያወራልኝ ሳይሆን እንዲኖርልኝ" አሉ።

የሄድነው ሦስታችን ነን። ጋሽ ጌታሁን በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፉ እንኳ የሚገፋቸውን ሰውዬ የትውልድ አገሩን ጠይቀው፣ ወለንጪቲ ሲላቸው በኦሮምኛ አባቱን ጠየቁት። አባቱን ያውቁታል። እንዴት አያውቁት! በሩ ሲዘጋ እየሳቁ ነበር። እትዬ ጽጌ በሩ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ወንበር ሳመጣላቸውም አልተቀመጡም።

ሐኪሟ ወጥታ "በደንብ ተቀምጧል" ስትለን ተቃቀፍን። ከማደንዘዣው ሲነቁ ገብተን አጠገባቸው ቆምን። ዓይናቸውን ገለጡ። አዩን። አፋቸውን ከፈቱ።

ድምፅ አልወጣም።

እንደገና ሞከሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር የለም። ዓይናቸው ፈጠጠ። የፋርማሲ ትምህርቴ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ "ነርስ! ነርስ!" እያልኩ ጮህኩ። እትዬ ጽጌ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የባላቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ፊታቸውን ወደሳቸው አቅርበው፣ "አይዞህ። አለሁ። ግድ የለህም፣ አትናገር" አሏቸው። ደግመው ደጋግመው፣ ልጅ እንደሚያስተኙ።

ነርሷ ደርሳ ሁለቱንም እጃቸውን እንዲያነሱ አዘዘቻቸው፤ አነሱ። ፈገግ አስባለቻቸው፤ ፊታቸው እኩል ተንቀሳቀሰ። "አይዟችሁ፣ ልባቸውን የምናይበት መሣሪያ በጉሮሮ ስለገባ ነው። ጉሮሯቸው ተልጧል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉላቸው፣ ድምፃቸው ይመለሳል" አለችን። እኔ ውሃ በማንኪያ ጠብ አደረግኩላቸው። ትንሽ ቆይቶ እንደ ወረቀት በሚንኮሻኮሽ ድምፅ፣ "ጽጌ" አሉ። "ወዬ" አሏቸው። ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም፤ "ጽጌ" ብቻ።

ከወራት በኋላ ተመልሰው ሲታዩ ከረጢቷ ተዘግታለች ተባሉ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖሩ። ጋሪዋ እንደ ጋሪ መሮጧን አልተወችም። መድማቱም እንደ ድሮው አልተመለሰባቸውም። ሠፈርተኛው "ልቡን በብረት ያስጠገነ" እያለ ሲያወራ፣ "አልተጠገነችም፣ ጓዳዋ ነው የተዘጋው" እያሉ ያርሙ ነበር፤ እጁን ይዘው፣ በእርግጥ።

አንድ ቀን ስለዚያ ሰዓት ጠየቅኳቸው። ድምፅ ሲያጡ ምን እንዳሰቡ።

"ያ የፈራሁት ነገር መጣ አልኩ" አሉኝ። "ገመቹን ሆንኩ አልኩ። ግን ሐንዬ፣ እንዳሰብኩት አልነበረም። ውስጤ የተቆለፈ አልመሰለኝም። ጽጌ አለሁ ስትለኝ ነበር። ሞት ይሻለኛል ማለቴን ያኔ አፈርኩበት።"

ከዚያ ወዲህ ተለወጡ፤ ወሬው ግን አልቀነሰም፣ አልዋሽም። ሽምግልና ሲመጣ እትዬ ጽጌን አጠገባቸው ያስቀምጧቸው ጀመር። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ዞር ብለው፣ "አንቺስ ምን ታያለሽ?" ይሏቸዋል። እትዬ ጽጌ የሚሉት ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚናገር የለም። መተሐራም አብረው ይሄዱ ነበር። አንድ ጊዜ እኔም ሄጄ፣ ጋሽ ጌታሁንና ኦቦ ገመቹ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የፈንታሌን ተራራ ሲያዩ አገኘኋቸው። አንድም ቃል የለም። የኦቦ ገመቹ ሚስት ሳቅ ብለው፣ "እንዲህ ሆነው ነው የዋሉት" አሉኝ።

ጋሽ ጌታሁን የተቀበሩ ዕለት አዳማ ነፋሷን አወረደችብን። አቧራው ውስጥ ቆሞ የነበረውን ሰው ብዛት ዛሬም አልረሳውም። አጎቶቼ ከዓለም ጤና በአንድ መኪና መጥተው ነበር።

ድንኳኑ ከፈረሰ ከረምረም ብሎ እትዬ ጽጌን ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃፉን አልፌ ሳልገባ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ተራርቀው ቆመው አየሁ። ከወንጂ ነው የመጡት፤ ባልየው ሸንኮራ አገዳ ላይ የሚሠራ ነው፣ ክንዱ በቅጠሉ ተጫጭሯል። ፊታቸው የተኳረፈ ሰው ፊት ነው። "ጋሽ ጌታሁንን ፈልገን ነበር" አለ ባልየው።

"አርፏል" አሉ እትዬ ጽጌ።

ሁለቱም ደነገጡ። "እግዜር ያጥናዎት፤ አልሰማንም፣ ይቅርታ" እያሉ፣ ወዲያው ወደ መጡበት ዞሩ፤ እሱ በአንዱ ጎን፣ እሷ በሌላው።

"ወዴት ነው?" አሉ እትዬ ጽጌ። "ከወንጂ ድረስ መጥታችሁ እንደተጣላችሁ ልትመለሱ ነው? ግቡ።"

አግዳሚ ወንበሩን ኒሟ ሥር ሳብ አድርገው አስቀመጧቸው፤ ራሳቸው በርጩማ ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ከዚያ እኩል አፋቸውን ከፍተው እኩል መናገር ጀመሩ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አንድ በአንድ" አሏቸው። "ጊዜ አለን።"